ኢንጋ በዝርዝሩ አሉ ወይ?

ሎርና ኪቪስቶ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአሜሪካ ሐይቅ ዳር ያለችውን የዱሉት ከተማን ተማሪዎች በቢጫ አውቶቡስ አመላልሳለች። በበረዶው ዳገት ላይ መሪ ጨብጣ ስታንጎራጉር ልጆቹ ከኋላ ይቀበሏት ነበር። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ጡረታ ወጣችና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ ድረ ገጽ መሥራት ተማረች። መስመር በመስመር መጻፉ ግጥም እንደ መግጠም ጣፈጣት።

የመጀመሪያ ገጿን የሠራችው ለምትዘፍንበት የዘፈን ቡድን ነው። ቡድኑ በየዓመቱ በሰኔ ጀልባ ተሳፍሮ ሐይቁ ላይ ይዘፍናል። የተሳፋሪ ስም በስልክ ሲጻፍ ገጹ ከተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይፈልገዋል፤ ካለ አረንጓዴ፣ ከሌለ ቀይ ይበራል። የጀልባው ካፒቴን አረንጓዴ ካላየ እናቱንም አያሳፍርም። ሎርና የራሷን ስም ሞከረች፣ አረንጓዴ። ያልተመዘገበ ስም ሞከረች፣ ቀይ። ደስ ብሏት ጨፈረች።

የጉዞው ዕለት ጠዋት፣ ጀልባው ሊነሳ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ኢንጋ ቶፍቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደቡ ደረሱ። ቡድኑን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፤ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። በሳምንቱ ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ወደ ሩቋ አሪዞና ሊሄዱ ነውና ሐይቁን የሚሰናበቱት ዛሬ ነው።

ስልኩን ይዞ ተሳፋሪ የሚያጣራው ከቡድኑ ወፍራም ድምፅ ያለው ግሌን ነበር። ስማቸውን ጻፈ። ቀይ።

«የሉም ይላል» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«የለሁም? ታዲያ ይሄ የጉልበት ሕመም የማን ነው?» አሉ ኢንጋ።

«ኧረ ተመዝግበዋል!» አለች ሎርና፣ ላፕቶፗን በርሜል ላይ እየዘረጋች። «እንዲያውም ከሁሉም ቀድመው…»

አፏን ያዘች። ገጹን የጠየቀችው «ስሙ ስንተኛ ቦታ ላይ ነው?» ብላ ነበር። ማሽን ደግሞ ቆጠራ የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ ለሌለ ስም ከዜሮ በታች ይመልሳል። እሷ «ከዜሮ ከበለጠ አሳልፍ» ብላ ጽፋለች። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ኢንጋ ዜሮ ላይ ተቀምጠው ውጭ ቀሩ!

«አየሽ፣ ቀድሞ መምጣት ትርፉ ይሄው ነው» አሉ ኢንጋ።

«አውቶቡሱንም ስትነጂ የመጀመሪያውን ልጅ ጥለሽ ነበር የምትሄጂው?» አለ ግሌን።

«ዝም በል አንተ፣ ጣቴን አታሳስት!»

ያንን መስመር አጥፍታ «ስሙ በዝርዝሩ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ተካች። መልሱ አለ ወይም የለም ብቻ ነው። የጀልባው ጡሩምባ ለመነሳት አንዴ ጮኸ።

«ገጹን አድሰህ ሞክር!»

አረንጓዴ!

ግሌን ስልኩን ከፍ አድርጎ ለካፒቴኑ አሳየ። ጀልባው ላይ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። ኢንጋ የሎርናን ክንድ ይዘው መሰላሉን ወጡ፤ የጀልባው ገመድ ገና ሳይፈታ፣ በቀጭን ድምፃቸው ዘፈኑን ጀመሩት፤ ሎርናም እንባዋን ሳትጠርግ ተቀበለቻቸው።