በመንግሥት ገንዘብ የተከራየ ፈረስ

ባለቤቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ለምክር ቤት በግል እወዳደራለሁ ብሎ ተነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ጎባ ነው ያስተማረው፤ ግማሹ ከተማ ተማሪው ነበር። የመጣው ግን ከሌላ አገር ስለሆነ ዛሬም «እንግዳው መምህር» ይሉታል። ይህች ቃል ታንገበግበዋለች። እሱ ሌላ ሌላ ምክንያት ቢደረድርም፣ መመረጥ የፈለገው «የእኛ ሰው» እንዲሉት ነበር።

መንግሥት ለፓርቲዎችም ለግል ዕጩዎችም የቅስቀሳ ገንዘብ ይሰጣል። ፓርቲዎቹ በድርሻቸው መኪና ተከራይተው ሞንታርቦ ሰቀሉ። የባለቤቴ ድርሻ ግን ለፖስተርና ለፈረስ ብቻ በቃች። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ ተራራ የሚወጡት መንደሮች መኪና አይገባባቸውም። ስለዚህ በገበያ ቀን ፈረሳቸውን እኛ ግቢ የሚያስሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ።

«ውሰደው እንጂ ባርሲሳ» አሉት፤ መምህር ማለታቸው ነው።

«ኪራዩን ይንገሩኝና በደረሰኝ ልክፈል። የሕዝብ ገንዘብ ነው።»

«በእኔና በአንተ መሃል ምን ኪራይ አለ?»

ባለቤቴ ካልከፈልኩ ብሎ ድርቅ አለ። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ፤ ብሩን ተቀብለው፣ ፈርመው፣ ልጓሙን አስጨብጠውት ቤታቸው ገቡ። እዚያ ተራራው ላይ ፈረስ ያዋሰ ሰው እንግዳውን ብቻውን አይሰድም፤ አብሮ ወጥቶ በየደጁ «የእኔ ሰው ነው» እያለ ያስገባዋል። ያከራየ ግን ያከራየው ፈረሱን ብቻ ነው።

ላይኛው መንደር ሲደርስ ጎልማሶቹ ከበቡት። «ፈረሱን እናውቀዋለን፤ አንተን ነው ያላወቅንህ» አሉት። ወተት ሰጡት፣ ፈረሱን አሰሩበት፣ ወደ ሽማግሌውም ሰው ላኩ። ዕጩዬ ወተቱን እየጠጣ በፈረስ ሌብነት ተጠርጥሮ ዋለ። በዚያው ቅስቀሳውን አድርጓል፤ በጣም አዳመጡኝ ይላል። የተያዘ ሌባን የማያዳምጥ ማን አለ?

ሽማግሌው መጡና «አልሰረቀም፤ ከፍሎ ነው» አሉ። ይኼን ማመን ለሰዎቹ ከስርቆቱ የባሰ ከበዳቸው።

ተሸነፈ። ሒሳቡ ግን አንዲት እንከን አልተገኘበትም። «ኦዲተሮች ብቻ ቢመርጡ ኖሮ ይኼኔ ፓርላማ ነበርክ» አልኩት። አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ወደ ተራራው ቀና ብሎ አያይም ነበር፤ አንጀቴን በላው።

ዘንድሮ ደግሞ ተመዘገበ። ቅስቀሳው ሲጀመር ሽማግሌው ሁለት ፈረስ እየሳቡ መጡ።

«በአንዱ አንተ፣ በአንዱ እኔ። ኪራይ የምትል ቃል ከአፍህ ብትወጣ እመለሳለሁ።»

«እሺ አባባ፤ ግን በዓይነት የተሰጠ ድጋፍም ቢሆን መመዝገብ አለበት» አለ፣ ብዕሩን እያወጣ። የማይለቅ አመል!

«ፈረሱን ጻፈው። እኔን ግን ተወኝ፤ ዘመድ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ኮቱ፣ ና እንውጣ!» አሉት ኦሮምኛ ቀላቅለው።

ባለቤቴ ፈረሱን ብቻ ጻፈና ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ዓይኑን እንባ ሞልቶት አየሁ። ለተራራው ብርድ ጋቢውን እኔ አመጣሁለት።