ከአቡጀዴው ወዲህና ወዲያ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ሊሰቅል ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው "ፕሮጀክተሩ ከፊት ያብራ ወይስ ከኋላ?" ብሎ ልጄን ሲጠይቅ፣ እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ "ከፊት!" ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

በወጣትነቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ከጓደኛዬ ከአለምነህ ጋር ቪዲዮ ቤት ነበረን። በቴሌቪዥን ስናሳይ ቆይተን ያገለገለ ፕሮጀክተር ገዛንና ክርክር ገጠምን። አለምነህ ማሽኑ ከተመልካቹ ጀርባ ይቀመጥና ከፊት ያብራ አለ፤ ምስሉ ይደምቃል፣ ቤቱም አይጠብም። እኔ ደግሞ ሰው በተነሳ ቁጥር ጥላው ያጠፋዋል፣ ቄስ ከመጣማ ጥምጥሙ ግማሹን ይወስደዋል አልኩ። አቡጀዴ ወጥረን ማሽኑን ከኋላው እናድርግ ብዬ ድርቅ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከኋላ ሆኜ ብቻዬን ልይዘው እንጂ ማሽኑ አለምነህ እጅ እንዲገባ አልፈለግሁም። ምን አድርጎኝ? ምንም። ብቻ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የምደግም ሰው ነበርኩ።

ወሩ ጥር ነበር፤ የአውድማው እብቅ ከተማው ድረስ ይነፍሳል። የደብሩ ሽማግሌዎች "ይህ ቤት ልጆቻችንን ከቅዳሴ አስቀረ" ብለው ሊያዘጉን ተነስተዋል። አለምነህ የዚያን ዓመት ጥምቀት በተዋሰው ካሜራ ቀርጾ ስለነበር፣ እሱን አሳይተን ልባቸውን ልናራራ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋበዝናቸው። በአዲሱ ማሽን ለሰው ስናሳይ የመጀመሪያችን ነው።

መስኮቶቹን በጆንያ ደፈንን። ብርሃኑ እንዲያልፍ አቡጀዴውን በውሃ አርሼ ከኋላው ከማሽኑ ጋር ቆምኩ። ወዲያ በኩል ሽማግሌዎቹ የሽምብራ ቆሎ ሲቆረጥሙ ይሰማኛል። ከተጋበዙት አንዱ የሆኑት የደብሩ መሪጌታ በምስሉ ላይ ብቅ አሉ፤ በቀኝ እጃቸው ሲያማትቡ አየሁ። ቆሎው ጸጥ አለ።

"በስመ አብ! በግራ እጄ ነው እንዴ የማማትበው?" አሉ መሪጌታ።

አለምነህ አቡጀዴውን ገልጦ ገባ። "ተገልብጧል! ና፣ ወዲያ ዙረህ እየው።"

"በዓይኔ እያየሁት? ቀኝ ነው!"

"በዚህ በኩል ነዋ! ኧረ በጊዮርጊስ፣ አንድ ጊዜ ና!"

አልሄድኩም። ከማሽኑ ሊያርቀኝ ነው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመካክሮ ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

"ማነው በእኔ የቀለደ?" አሉ መሪጌታ።

"የቀረጸው እሱ ነው" አልኩ።

አለምነህ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጋቢውን አንስቶ ወጣ። ሽማግሌዎቹም ወጡ፤ ቤቱ በሳምንቱ ተዘጋ።

ብቻዬን ስቀር ምስሉን መለስኩና ዞሬ በተመልካቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ግራ እጅ ነው። ለካ ማሽኑ ከኋላ ሲያበራ ምስሉን የሚያዞር ቁልፍ ነበረው። እኔ ስሞክረው ሁልጊዜ ከማሽኑ ጋር ስለምቆም ቀኙ ቀኝ ሆኖ ይታየኝ ነበር፤ ቁልፉን አልነካሁትም። ለማንም ሳልናገር አቡጀዴውን ነቅዬ ጠቀለልኩት።

መሪጌታ አለምነህ እንደቀለደባቸው አምነው አረፉ። እሱ አርብ ገበያ ከተማ ሄዶ ሱቅ ከፈተ፤ አሁንም እዚያው ነው። ስንገናኝ ጤናዬን፣ ልጆቼን ይጠይቀኛል፤ ያን ቀን ግን አንስቶት አያውቅም። ይቅር ብሎኝ ይሁን ታዝቦኝ አላውቅም። አፍራለሁ። ስንት ጊዜ "ጥፋቱ የኔ ነበር" ልለው አፌን ከፍቼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ዛሬ ምን ፈልጎ ነው ብሎ ይጠረጥረኛል ብዬ መልሼ ዘጋሁት።