ማስቲሹ አልሸት ያላት ጊዜ

ልጄ ጫማ ፋብሪካ ገብታ ሶል ማጣበቅ ስትጀምር የሰጠኋት ምክር አንድ ነው፤ ወተት ጠጪ። ሌላ መድኃኒት አላውቅም። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት ሲሚንቶ በከረጢት ስሞላ ነው። ከሥራ ስንወጣ ወተት ይታደለን ነበር። አቧራውን ጠርጎ ያወርዳል ይባላል፣ እኛም አምነን እንጠጣለን፣ አፋችንን ጠርገን ወደ ቤት። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ያስለኛል። ቢሆንም ወተቱን ጠርጥሬው አላውቅም፤ ባልጠጣው ይብስብኝ ነበር እላለሁ።

ልጄ የመጀመሪያዋን ስታረግዝ ጭንቀቴ በረታ። ባሏ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ አንዱን ሳምንት ካለ ሌላውን የለም። ስለዚህ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። በየማለዳው በባጃጅ ቀፊራ ገበያ እየወረድኩ የግመል ወተት እገዛላታለሁ። ወተት ሻጯ ሶማሌ ናት፣ ሳትቀልድብኝ አትሸጥልኝም።

«አዴር፣» ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ «ያረገዘችው ልጅህ ናት ወይስ አንተ?»

«የእኔ ሆድ እንኳ ከገፋ ቆየ» እላታለሁ።

ማታ ልጄ ስትገባ ልብሷ ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል፤ እኔን ሳይቀር ያዞረኛል። «ራሴን» ትልና ጋደም ትላለች። ወተቷን እሰጣታለሁ፣ ትጠጣለች። አንድ ቀን ግን ደስ ብሏት መጣች።

«አባባ፣ ለመድኩት መሰለኝ። ማስቲሹ አልሸት አለኝ እኮ!»

«ተመስገን! ወተቱ ነው» አልኩ።

አፌ ተመስገን አለ እንጂ ሆዴ አልተቀበለም። ሻርፗ አጠገቤ ተሰቅሏል፤ እንደ ወትሮው ይከረፋል። ለእኔ የሚከረፋው ለእሷ ወዴት ሄደ? ሲሚንቶውም እንዲሁ ነበር። እኛ አቧራው ዛሬ ቀለለ ስንል እንግዳ የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይስላል። 

የክትትሏ ቀን ሲደርስ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ሲስተሯ ገና ልጅ እግር ናት። የልጄን ሆድ ለካች፣ ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት። እኔ ቀደም ብዬ፣ «ወተት አላጓደልኩባትም» አልኩ።

«ደግ አደረጉ አባቴ፣ ለእሷም ለጽንሱም ምግብ ነው። ግን ወተቱ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፤ ማስቲሹ የሚገባው በትንፋሽ። አይገናኙም።» ወደ ልጄ ዞራ፣ «ሥራ ቦታ መስኮት አላችሁ?» አለቻት።

«ሞልቶ። ከረፋድ በኋላ ግን እንዘጋዋለን።»

«ለምን?»

«ወበቁ ነዋ ሲስተር! የድሬን ነፋስ እያወቅሽው!»

እውነቷን ነው። ፀሐይ ሲከር መስኮቱን የማይዘጋ የድሬ ቤት የለም፤ ትኩሱ ነፋስ እንዳይገባ፣ የጠዋቱ ቅዝቃዜ እንዳይወጣ። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት «መስኮቱን ዝጉ» እያልኩ ነው። የፋብሪካው ልጆችም የቤታቸውን ደንብ ይዘው ገቡና መስኮቱን ዘግተው ከማስቲሹ ጋር ይውላሉ።

«አለመሽተቱ የለም ማለት አይደለም፣» አለች ሲስተሯ፤ «አፍንጫሽ ደክሞ ነው። እርጉዝ እዚያ መዋል የለባትም። ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩሽ ንገሪያቸው።»

በባጃጅ ስንመለስ ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«ማርገዜን ካወቁ ኮንትራቴን አያድሱልኝም፣ አባባ። እስኪታይ ልጠብቅ?»

ሥራ ይገኛል ልላት ፈለግሁ፤ እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እኔ መጥቼ ልንገርልሽ?»

«አንተማ ከመጣህ ከዘበኛው ጋር ስትጫወት ነው የምትውለው» አለች። ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

በማግስቱ ስትወጣ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። ያን ቀን ቀፊራ አልወረድኩም። ሰፈራችን ሳቢያን፣ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ ሌላ ሰው ይወርዳል። ከሥራ ካስወጧት ‹ልንገርልሽ› ብዬ የገፋፋኋት እኔ ነኝ፤ ዝም ብትል ደግሞ ያ ሕፃን አለ። የቱን ልመኝ?

መጣች።

«ምን አሉሽ?»

«አለቃዬ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ ብሎ ተቆጣኝ። ለጊዜው ማሸጊያ ክፍል አድርጎኛል። ስለ ኮንትራቱ ምንም አላለም።»

«መስኮቱስ?»

«ከፈትኩት። ‹አቦ፣ ልትጠብሺን ነው?› ብለው አብረውኝ የሚሠሩት ጮሁብኝ። ሳስረዳቸው አንዳንዶቹ ተዉኝ። ከወጣሁ በኋላ ግን ዘግተውት ይሆናል።»

ከዚያ ወዲህ ራስ ምታቷ እየቀለላት ሄደ። ወተቱን አላቋረጥኩም፤ ምግብ ነው ተብሏል። ኮንትራቱን እስከ አሁን እንጠብቃለን። በቀደም ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «አባባ፣ ዛሬ በማጣበቂያው ክፍል በኩል ሳልፍ ማስቲሹ አፍንጫዬን ሰነጠቀው!» አለችኝ።

ተመስገን አልኩ። አሁን ሆዴም አብሮኝ አለ። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ።

«እዚያ የቀሩት ልጆችስ፣ ይሸታቸዋል?»

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች።

«አይ» አለች።