እግር ብቻ የሚያሳይ መስኮት

ባሌ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ «ጀልባ ላይ እንኑር» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ የለንደንን አውቶቡስ ሲነዳ፣ ድልድይ ባለፈ ቁጥር ከሥር ውሃው ላይ የተሰለፉትን ረጃጅም ጀልባዎች ሲመኝ ኖሯል ለካ። ለእኔ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም።

«አንተ፣ ዋና ትችላለህ?» አልኩት።

«አልችልም።»

«እኔስ?»

«አንቺም አትችይም። ግን ውሃው ወገብ ቢደርስ ነው፤ ብንወድቅም ቆመን እንወጣለን።»

ወይ ጉድ! ወንዝ የሚባል ነገር በክረምት ብቻ ከሚታይበት አገር ተወልዶ፣ በስተርጅና መርከበኛ ካልሆንኩ ብሎ ችክ አለ። እኔም አሻፈረኝ አልኩ። ኬኒንግተን ያለችው ከመንግሥት የተከራየናት የካውንስል ቤታችን ሊፍቷ በየሳምንቱ ቢበላሽም፣ ግድግዳዋ ሻጋታ ቢያወጣም፣ ልጄን ያሳደግኩባት ቤቴ ናት። ውጣ ውረዱ ጉልበቴን ጨርሶታል፤ ቢሆንም ከምድር ተነቅዬ ውሃ ላይ ምን አደርጋለሁ?

ሰውዬው ግን ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሯልና በየት በኩል እንደምረታ ያውቃል። አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ መጣና «ኪራይ ካልከፈልን እኮ፣ በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ አዲስ አበባ ሄደሽ ከእትዬ ጋር ትከርሚያለሽ። ሲሞቅ ትመለሻለሽ» አለኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። እትዬ ከትምህርት ቤት ቀርታ አዝላ አሳደገችኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ አላገባም ብላ የመጣውን ሁሉ መለሰች። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩላት? ለንደን መጥቼ፣ የሰው አገር አሮጊቶችን ሳጥብና ሳለብስ ኖርኩ። ሥራዬ ያ ነበር፤ አልጠላውም። ግን የባዕድ እግር እያሸሁ፣ የእሷ እግር አብጦ በሰው ተደግፋ ሽንት ቤት እንደምትሄድ ስሰማ አንጀቴ እርር ይል ነበር። ሐኪሞቹ ልቧ ደክሟል ብለዋት ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ የብርድ ወቅት እንኳ፣ በእጄ ላጥባት፣ ጸጉሯን ልሠራት፣ አጠገቧ ተኝቼ ስታንኮራፋ ልስማት ፈለግኩ። ስለዚህ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ጀልባውን አይደለም፤ እትዬን ነው።

ጀልባዋን ከአንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ገዛናት። ርዝመቷ ደህና ነው፤ ወርዷ ግን ኧረ በስማም! ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ባሌ ሲመጣ እኔ ወደ ኋላዬ ሄጄ ማብሰያው ጋ ጥግ እይዛለሁ፣ እሱ አልፎ ይሄዳል፣ እኔ እመለሳለሁ። ኑሯችን እንዲህ ሊሆን ነው። እሱ ሞተሩን ተማረ፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የውሃ በር አከፋፈት ተማረ፣ ገመድ አስተሳሰር ተማረ። እኔ የተማርኩት የሽንት ቤቱን ሣጥን እየጎተቱ ወስዶ መድፋት ነው። «ካፒቴኑ አንተ፣ ቆሻሻው የእኔ?» ስለው፣ «ተራ እንገባለን» አለኝ። ተራው እስካሁን አልደረሰም።

ከሁሉ የገረመኝ መስኮቷ ነው። ወለሏ ከውሃው ዝቅ ስለሚል፣ ውስጥ ቁጭ ስትሉ የዳሩ የእግር መንገድ ዓይናችሁ ትይዩ ይሆናል። የሚያልፈውን ሰው ፊቱን አታዩትም፤ እግሩን ብቻ። የሰው ቡችላ ግን ቁልቁል ሳይሆን ፊት ለፊት ታያችኋለች።

ከዚያ ቤት ማፍረስ መጣ። አልጋው ለዚህ፣ ቁምሳጥኑ ለዚያ። መጨረሻ ላይ ወንበሮቹ ቀሩ። ከበር ኋላ የተደረደሩ ታጣፊ ወንበሮች ነበሩኝ፤ አንዱ እግሩ በቀይ ሽቦ የታሰረ። የእኛ ሰው ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወንበር ለምን እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል። ለቅሶ ሲመጣ ሰው የሚቀመጥበት ነው። እዚህ ከተማ ሰው ሞተ ሲባል ከማኅበራችን ሴቶች ቀድሜ የምጠራው እኔ ነበርኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ በጠዋት መንገድ ጥግ እንሰባሰባለን፣ ጥቁር በጥቁር ለብሰን፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ አብረን ወጥተን በሩን እናንኳኳለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ደግሞ ሐዘንተኛው እንዳይሰማ አገር ምድሩ ይዋሻል። ስንቱን ቤት በጠዋት አንኳኩቻለሁ! ስንቷን ከወለል ላይ አንስቻለሁ!

ወንበሮቹን ለማኅበሩ ሰጠኋቸው። ሊቀ መንበራችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ለመውሰድ ራሳቸው መጡ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ሲመጣ የት ልታስቀምጪው ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ደግሞ ጋሼ! በደህና ይምጡ እንጂ ሣሩ ላይ እናነጥፍልዎታለን።»

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው ዱላቸውን ተደግፈው ባዶውን ሳሎን ሲያዩ ቆዩና «ይሁን» ብለው ሄዱ።

ቁልፍ በምናስረክብበት ሳምንት ስልክ ካርድ ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። ያነሳችው የእትዬ ልጅ ናት።

«አክስቴ፣ እማዬ የለችም። ጠበል ሄዳለች።»

«የምን ጠበል? በየት እግሯ?»

«ሰዎች ወሰዷት። ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ኔትወርክ የለም።»

ድምጿ ጎርነን ብሎ ነበር፤ ጉንፋን ነው አለችኝ። እኔ እቴ፣ ደስ አለኝ! ከአልጋ መውረድ ያቃታት ሰው ጠበል ከሄደች ተሽሏታል ማለት ነው ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለባሌ ስነግረው ባዶው ክፍል መሐል ቆሞ ነበር። ዞር ብሎ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ። «አይ አንተ» አልኩት፣ «ጀልባ ጀልባ ስትል ከርመህ አሁን ለሻጋታ ቤት ታለቅሳለህ?» አቀፈኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ለቤቱ አዝኖ ነው አልኩ። ቁልፉን አስረክበን ወጣን።

ጀልባዋን ኤድመንተን አጠገብ ወንዙ ላይ አሰርናት። ልጃችን እዚያው ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተጋርታ ትኖራለች፤ እንድንቀራረብ ብዬ ነው። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በየሁለት ሳምንቱ ቦታ መቀየር አለበት፤ ሕጉ ነው። የእኛ ዕቅድ ደግሞ ቀስ እያልን ወደ ሰሜን መውጣት፣ ብርዱ ሲገባ ጀልባዋን አንድ ቦታ አቁመን እኔ ወደ እትዬ መብረር ነበር።

ሰውዬው ግን ተለወጠብኝ። ያ ሲቸኩል የነበረ ሰው ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ዳር ፈቀቅ እያደረገን እዚያው ያሽከረክረን ጀመር። ዛሬ ሞተሩ ድምፅ አለው፤ ነገ ዘይት ቼክ ላድርግ፤ ከነገ ወዲያ ዝናብ ነው። «ፈራህ እንዴ? እኔ ተማርኩልህ፣ ለመድኩልህ፣ አንተ ፈራህ?» እለዋለሁ። እሱ ሞተሩ ላይ ያጎነብሳል። ልጄ ደግሞ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ትመጣለች። ድሮ በመከራ የምትመጣ ልጅ አጠገቤ ተለጥፋ ቁጭ ትላለች። «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» «ምን ሆኛለሁ? አንቺ ነሽ የከሳሽው።» ትነሳና መታጠቢያ ቤት ትገባለች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ከፍቅረኛዋ ጋር ተጣልታ ይሆናል ብዬ ጸለይኩላት።

እኔ ለጉዞ ተዘጋጀሁ። ከአልጋው ሥር ትንሽ ሻንጣ ነበረች፤ ውስጧ የእትዬን ዕቃ ማጠራቀም ጀመርኩ። የጉልበት ቅባት፣ የማንበቢያ መነጽር፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ። ካልሲው ላስቲክ የሌለው ነው፤ ላስቲክ ያበጠ እግር ይቆርጣል። ስንት ሱቅ ዞሬ አገኘሁት! እንደገና ስደውል አሁንም ጠበል ናት። «ምን ዓይነት ጠበል ነው ሰው የማይመልስ!» ብዬ በልጅቷ ላይ ጮህኩባት።

እስቲ አስቡት። ያችን «ጠበል ሄደዋል» የምትባለዋን ውሸት እኔ ራሴ ለስንት ሰው ተናግሬአታለሁ። ሳወራት ፊቴ እንኳ አይለወጥም ነበር። ለእኔ ስትመጣ ግን አላወቅኳትም። ማወቅ አልፈለግኩም መሰለኝ፤ እትዬ ጠበል ቦታ ቁጭ ብላ ፀሐይ ስትሞቅ በዓይኔ እያየኋት ነበር።

እሑድ ማለዳ ነው። ምድጃውን ላቀጣጥል ተንበርክኬ ሳለሁ ጠጠሩ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ሯጮች ናቸው ብዬ ቀና አልኩ። ኮቴው ቆመ። በመስኮቱ እግር ብቻ ታየኝ። ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ቀሚስ፤ እስከ ጀልባዋ ጫፍ ድረስ ጥቁር። አንድም ሰው አያወራም። መሐል ላይ ዱላ ተተክሏል፤ የጋሼን ዱላ አወቅኩት። ከዱላው አጠገብ የልጄ ነጭ ስኒከር። ስኒከሩን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስታ ነው፤ ልጄ አለች። ዞር ስል ባሌ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። እሱም አለ።

«እትዬ» አልኩ። የነገረኝ ሰው የለም፤ ራሴ ተናገርኩት።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊገቡ ተረባረቡ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል ድስቱ ከመደርደሪያው ወረደ፤ ሴቶቹ ለእትዬ የጀመሩትን ጩኸት ለራሳቸው አደረጉት። ባሌ እያለቀሰ «አንድ በአንድ! ወደ ውስጥ ገባ በሉ! በሩ ላይ አትቁሙ!» ይላል፣ አውቶቡስ ላይ እንዳለ። አራት ወይ አምስት ሰው ገባና ሞላ። ደረቴን ልመታ እጄን ሳነሳ ክርኔ ከቁምሳጥኑ ጋር ይጋጫል። የማልቀሻ ቦታ እንኳ አልነበረኝም። ጎትተው ወደ ውጭ አወጡኝ። ጎረቤታችን፣ ጀልባውን ከኋላችን ያሰረው ፈረንጅ፣ በሌሊት ልብሱ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። ልጄ በእንግሊዝኛ ነገረችው፤ ሰውየው ራሱን ዝቅ አድርጎ ባለበት ቆመ።

«መቼ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

ዱላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«መቼ ነው? አርባዋ ደረሰ?»

«አልፏል፣ ልጄ።»

ባሌ አጠገቤ ተንበረከከ። «ቁልፉን ሳናስረክብ ነው» አለኝ። «ሊነግሩሽ ሊመጡ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፣ ሰው የሚቀመጥበት የለም፤ እስኪረጋጉ እንቆይ ተባለ። ከዚያ ደግሞ ውሃ ላይ ሆንሽ። ብትወድቂስ? የልጅቷ ቤት የሰው ቤት ነው። ዛሬ ነገ ስንል…» ጉዞውን ማዘግየት ሲያቅተው ነው ለጋሼ «ከዚህ በላይ አልችልም» ያላቸው። እሑድን የመረጡት ደግሞ ለመኪናቸው ፓርኪንግ ነጻ ስለሆነ ነው።

«ወንበር ስለሌለኝ ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ወንበር ስለሌለኝ ነው እህቴ ያለ እኔ የተቀበረችው?»

ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን በማን ላይ? እኔ ብሆን ያንኑ እመክር ነበር። እንዲያውም ቀድሜ የምመክረው እኔ ነበርኩ።

ያኔ ሁለት ሰዎች ወንበሮች ከመኪናው እየተሸከሙ መጡ። ጠጠሩ ላይ በረድፍ ዘረጓቸው። ትከሻዬን ይዘው አንዱ ላይ አስቀመጡኝ። ቁልቁል ሳይ እግሩ በቀይ ሽቦ የታሰረው ነው፤ የራሴ ወንበር። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልን። ሳይክል የሚነዱት ደወላቸውን ሲያንቃጭሉ፣ ለቀስተኛው እግሩን እየሰበሰበ ያሳልፋቸዋል።

ወደ ሰሜን አልሄድንም። የካውንስል ቤቱ እንደሆነ ሌላ ሰው ገብቶበታል። በየሁለት ሳምንቱ ገመድ እየፈታን እያሰርን እዚያው ወዲያና ወዲህ እንላለን። ብርዱ ሲገባ ባሌ ልማድ ሆኖበት «ትኬቱን ልቁረጥልሽ?» አለኝ።

«ወደ ማን?» አልኩት።

ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረ። እሳቱ ቢነድም የጀልባ ወለል አይሞቅም፤ ከሥሩ ውሃ ነው። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳብኩና የእትዬን ካልሲ አወጣሁ። ላስቲክ ስለሌለው ስራመድ ይወርድብኛል። እየሳብኩ አደርገዋለሁ።