እኔ የሌለሁበት ሥዕሌ

ይህ ሥዕል አንድ የጃፓን ራዲዮና አራት ጣቃ የጅቡቲ ጨርቅ ፈጅቶብኛል። ለሰዓሊው የሰጠሁትን አቡጀዲ አልቆጥርም።

በደርግ ጊዜ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጥ ነበር። መደርደሪያው ላይ የአገር ውስጡ፣ ከሥር በባቡር ተደብቆ የገባው። ሰዓሊው ከዚራ ሰፈር የሚኖር፣ ለቀበሌው መፈክር እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነው። ሸራ ስለማይገኝ የሚስለው አቡጀዲ ላይ ነበር፤ አቡጀዲው ያለው ደግሞ እኔ ዘንድ። «ጨርቁን ውሰድ፣ እኔን ሳለኝ» አልኩት። ክራባት አሥሬ፣ ፀጉሬን ቅባት ቀብቼ በርጩማዬ ላይ ተሰየምኩ።

«አቦ ተነሣ፣ ከለልከኝ እኮ!»

«የምትስለው እኔን አይደል?»

«አንተን ነው። ተነሣ።»

ሲጨርስ እኔ የለሁም። እግሩ በገመድ የታሰረው በርጩማዬ፣ እጀታው ቀይ ክር የተጠመጠመበት መቀሴ፣ ጆሮው የተሰበረ ኩባያዬና ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ሽርጤ አሉ። ከበርጩማው ጀርባ አራቱ ጣቃዎች፣ በላያቸው ራዲዮዬ።

ጎረቤቴ ሽቶ ሻጭዋ መጥታ አየችው። «ሰውየውስ? ሽንት ቤት ሄዶ ነው?»

ባለቤቴ ግን ቆም ብላ ተመለከተችና «ራሱ ነው። ሽርጡን እንኳ አጥፎ አይሰቅልም» አለች።

ሰዓሊው ደረቱን ነፋ። «እኔ ያላየሁትን አልስልም።»

ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት።

ወራት አለፉና አንድ ጠዋት ፊናንሶች ለፍተሻ መጋላ ገቡ ተባለ። ኮንትሮባንድ የተያዘበት ነጋዴ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ እኔ ደግሞ ከጨርቅ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ያለኝን ኮንትሮባንድ ሁሉ ኮርኒስ ውስጥ ከትቼ፣ ጨዋ መስዬ ቆምኩ። ሥዕሉ ትዝም አላለኝ። ሥዕል ማን ይደብቃል?

አለቃቸው በርብሮ በርብሮ ምንም አላገኘም። ሊወጣ ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ጓድ ነጋዴ፣ ይሄ ራዲዮ የታለ?»

«ሥዕል ነው እኮ ጓድ። ሰዓሊው ከጭንቅላቱ ያመጣው ነው።»

በርጩማውን ገልብጦ ገመዱን አየ። መቀሱን አንሥቶ ክሩን ከሥዕሉ ጋር አስተያየ። ኩባያውንም።

«ሌላውን ሁሉ አይቶ ሲስል ቆይቶ፣ ራዲዮው ላይ ሲደርስ ሕልም ታየው?»

ከበር ላይ ሽቶ ሻጭዋ ምላሷ ቀደማት። «እሱማ ያላየውን አይስልም!» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዘገየች።

አለቃው በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። «አንተ ካወጣኸው ዕቃው ብቻ ይወረሳል። እኛ ካወጣነው ፈቃድህም አብሮ ይሄዳል።»

መሰላል አቆምኩ። ራዲዮውን አወረድኩ። ጣቃዎቹን አንድ በአንድ አወረድኩ፤ አራተኛውን እንዳወረድኩ ከመሰላሉ ወርጄ እጄን አራገፍኩ። አለቃው ከሥዕሉ ጋር አመሳከረ።

«ሙሉ ነው» አለ። የሰዓሊው ቃል በምስክር ጸንቷልና ወደ ኮርኒሱ ቀና ያለ የለም።

«ሥዕሉንስ አትወስደውም?» አልኩት።

«አቡጀዲ የአገር ውስጥ ምርት ነው።»

ሂሳቡ ይኸው ነው፦ ራዲዮውና አራቱ ጣቃ ሄዱ። ፈቃዱና ሥዕሉ ቀሩ፤ ሰዓሊው ሥሎ ከሄደ በኋላ የገቡት ሰባት ጣቃዎችም ኮርኒሱ ውስጥ ቀሩ።