ከአጥሩ ሥር የቀረው ግማሽ ቤት

ከጅጅጋ ወደ ሀርሺን በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ፣ በዲግሪ የተመረቅሁ ነርስ ሆኜ ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ጤና ጣቢያው ሐኪም አልነበረውም። የምናዋልደውም፣ ቁስል የምናጥበውም፣ የሕፃናቱን ተቅማጥ የምናክመውም ነርሶቹ ነበርን፤ ሰዉ ግን ሁላችንንም ዶክተር ይለናል። መጀመሪያ ላይ አርም ነበር፤ የሚሰማኝ ስላጣሁ ተውሁት።

ከበሽታዎቹ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። መድኃኒቱ አለ፤ የሚሰጠውም በነፃ ነው። ችግሩ ታማሚው ሳይድን የዳነ ስለሚመስለው ነው። ትኩሳቱ ለቆት ሥጋ መልበስ ሲጀምር ሕክምናው ገና አልተገባደደም፤ እሱ ግን ዝናብ ወደ ጣለበት አገር ከመንጋው ጋር ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣው በባሰ ሳል ነው።

ያቺ ወጣት ሴት በግመል ተጭና መጣች። አክታዋ ደም ነበረው፤ ክንዷን ስይዘው የያዝሁት አጥንት ብቻ ነበር። አብረዋት የመጡት አማቷ በልጅነታቸው ጅጅጋ ገበያ ወተት ሲሸጡ አማርኛ የለመዱ፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» እና «አንተ» የሚሉ ሴት ናቸው። እኔ በአገሩ ልማድ ኤዶ፣ አክስቴ፣ እላቸዋለሁ። በእኔና በምራታቸው መካከል የሚያስተረጉሙትም እሳቸው ነበሩ።

መድኃኒቱ በየቀኑ በዓይናችን ፊት መዋጥ ስለነበረበት ቤታቸውን አምጥተው ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ተከሉት። አቀል ይሉታል፤ የጎበጡ እንጨቶች ቅስት ሆነው ይቆሙና የተጎነጎነ ምንጣፍ ይለብሳሉ፤ ለጉዞ ሲነሱ ይነቀልና በግመል ይጫናል። ባልየው መንጋውን ይዞ ወጣ ገባ ይላል። ጡት የጣለች ሴት ልጃቸው አያቷን ትከተላለች። ታማሚዋ ጠዋት ጠዋት ክኒኖቹን በመዳፏ ይዛ አንድ በአንድ ገልበጥ እያደረገች ካየቻቸው በኋላ ትውጣለች። ጉንጯ ሞላ። መራመድም ጀመረች።

ከዚያ ዘነበ። ባልየው በምሥራቅ በኩል ሣር በቅሏል፣ ጎረቤቶቻችን ተነሥተዋል፣ እኛም ነገ እንነሣለን ብሎ መጣ።

ከኤዶ ጋር ወደ ክፍሌ አስገብቼ አስቀመጥሁት። ተዘጋጅቼበት ነበር። ተሕዋስያኑ እንዴት እንደሚደበቁ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንዴት እንደሚለማመዱት፣ ሕፃኗም ልትያዝ እንደምትችል በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ኤዶ በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው ባጭሩ ጨረሱት።

«ምን አሉት፣ ኤዶ?»

«ትሞታለች አልኩት።»

«እኔ እኮ ብዙ ነው የተናገርሁት።»

«ብዙ ተናገርሽ። መጨረሻው እሱ አይደለም?»

ባልየው ክፉ ሰው አልነበረም። ግመሎቹ ካለቁ የዳነችው ሚስቱ ምን ትበላለች?  እንድትቀር እንዲፈቅድላት ብቻ ለመንሁት። ይሄኔ ኤዶ ሳቁ።

«አንቺ ዶክተር፣ እሱን ምን ትለምኛለሽ? እሱ ቤት አለው?»

«ይኸ ቤት የሱ አይደለም እንዴ?»

«ወንድ ያለው ግመል ነው። ቤቱን እናቷ ናት የሠራችላት፣ ለሠርጓ። እሷ ካልነቀለችው ማን ይነቅለዋል? እሱ ከነካው ሰው ይስቅበታል።»

ይህንኑ በሶማሊኛ ደገሙለት መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። እንጨቱን የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ሴቶች መሆናቸውን በየጊዜው አይ ነበር፤ የሥራ ጫና ብቻ አድርጌ ነበር የማየው።

ወጥተን እሷኑ ጠየቅናት። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከደጇ ተቀምጣ ነበር። አሰብ አድርጋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ኤዶ አቀበሉኝ።

«ብሄድ፣ ይህቺ ስትዳር አያታለሁ ወይ ትላለች።»

«መድኃኒቱን ካቋረጠች ላታያት ትችላለች። ከጨረሰች ግን ታያታለች ብዬ አምናለሁ።»

በዚህ ጊዜ ኤዶ አንድም ቃል አላጎደሉም።

በማግሥቱ ጠዋት የክፍሌን መስኮት ስከፍት ምንጣፎቹን እያወረደች ነበር። መሄዷ ነው አልሁ። የዕለቱን መድኃኒቷን ይዤ ወጣሁ። ባልየው ግመሉን አንበርክኮ ራቅ ብሎ ቆሟል። እሷ ጥቂት ቅስቶችን ነቀለች፣ ምንጣፎቹን ጠቀለለች፣ ከአማቷ ጋር ጫነች። ከዚያ ቆመች። የቤቱ ግማሽ ከአጥሩ ሥር ቀርቷል።

«ልጅቱ ከአባቷ ጋር ትሄዳለች፣» አሉ ኤዶ፣ «ወተቱ ያለው እዚያ ነው። በእናቷ ምንጣፍ ሥር ትደር ብላ ነው። የባሏ እህት ትተክላለች።»

ወጣቷ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ክኒኖቹን ሰጠኋት።

የቀሩትን ወራት ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው በሚገቡበት በዚያ ግማሽ ቤት አሳለፉ። ነፋስ ያስገባል፤ ለሳንባዋ ደግ ነው ብላቸው ኤዶ ለጉልበቴስ አሉኝ። ከምሥራቅ መንገደኛ በመጣ ቁጥር ወጣቷ ስለ ልጇ ትጠይቃለች፤ ከመለሱላትም ካልመለሱላትም በማግሥቱ መድኃኒቷን ልትወስድ ትመጣለች።

የመጨረሻው የአክታ ምርመራ ንጹሕ ሆነ። በለቃቀምኋት ጥቂት ሶማሊኛ ለእሷ ነገርኋት፣ ለማንም ከመናገሬ በፊት። ባልየው ልጅቱን ይዞ ሲመጣ ሕፃኗ እናቷን አላወቀችም፤ ከአባቷ እግር ኋላ ተሸሸገች። እናትየዋ አልጠራቻትም። ከግመሉ የወረደውን ምንጣፍ አነጠፈችና ዳር ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗ መኝታዋን ታውቀዋለች፤ ቀስ ብላ መጥታ ሌላው ዳር ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ አየኋት።

በነጋታው ቤቱ በሙሉ ተጫነ። ኤዶ ጭነቱ የሚታሰርበትን ገመድ ጫፍ አቀበሉኝ፤ ከወዲያ በኩል ወጣቷ ይዛለች። በቀስታ ያዝሁት።

«ሳቢው እንጂ፣ ዶክተር። መርፌ እኮ አይደለም።»

እግሬን አሸዋው ላይ አጽንቼ ሳብሁ።