ለአክታ ምርመራ የሳቅነው ሳቅ

ከየካ እስከ እንጦጦ ጫፍ ሬሳ የሚያስቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ! ዛሬ ክሊኒክ የአክታ ዕቃ ሲሰጡኝ ግን የበረኪናው ሽታ ወደ አባቴ መለሰኝ።

ልጅ ነበርኩ። የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ሠራተኛ ዕቃውን ለአባቴ መለሰለት።

«አባት፣ ይሄ ምራቅ ነው። ከደረትዎ ያምጡልኝ፤ አለዚያ በሽታዎን በምን ልወቀው?»

አባቴ ደጅ ወጥቶ ቢታገል አክታው እምቢ አለው። እኔ ከእንጦጦ እንጨት የምታወርደውን አህያ ሆኜ አናፋሁለት። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና ዕቃው ውስጥ ቀይ ነገር ወጣ።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለኝ ክዳኑን ቶሎ እየገጠመ። «ለእናትህ መሳቃችንን ብቻ ንገራት።»

ነገርኳት። እሷም ሳቀች። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው።

ዛሬ ነርሷ «ጋሼ፣ ከደረትዎ ያምጡት» ስትለኝ፣ ባዶውን ዕቃ አግዳሚው ላይ ትቼ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ቀይ እንዳላይ ፈራሁ።